ከቪኒሉ በታች ያለው ወለል

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ቤት ሥራ ነው። የምንነጋገረው ስለ መታጠቢያ ቤት ወለል፣ በተለይም የቪኒል ንጣፍ ከመነጠፉ በፊት ከሥሩ ያለው ወለል እንዴት መዘጋጀት እንዳለበት ነው። ቪኒል ስንል በጥቅል ወይም በሰሌዳ የሚሸጠውን፣ ብዙ ሰው የፕላስቲክ ንጣፍ ወይም ፒቪሲ የሚለውን ማለታችን ነው። ለእግር ይለሰልሳል፣ እንደ ሴራሚክ አይቀዘቅዝም፣ ለማጽዳት አያስቸግርም። ሻጩ ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ትልቅ ምስጋና ይጨምርለታል፤ ውሃ አያሳልፍም ይላል።

ሻጩ አልዋሸም። ቪኒል በእርግጥ ውሃ አያሳልፍም። ችግሩ ያለው ገዢው ከዚህ እውነት በሚያወጣው መደምደሚያ ላይ ነው። ንጣፉ ውሃ ካላሳለፈ ከሥሩ ያለው ወለል እንዴትም ቢሆን ግድ የለም ብሎ ያስባል። ስንጥቁም፣ ጎድጓዳውም፣ እርጥበቱም በፕላስቲኩ ተሸፍኖ ይቀራል ይላል። እኛ ዛሬ የምናስረዳው ተቃራኒውን ነው። ንጣፉ ውሃ የማያሳልፍ በመሆኑ ወለሉ ከወትሮው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከላይ ወደ ታች ውሃ የማያሳልፍ ነገር ከታች ወደ ላይም አያሳልፍምና። ለዚህ ሥራ ከሚወጣው ገንዘብና ጊዜ ትልቁ ድርሻ መዋል ያለበት ከንጣፉ በታች ነው የምንለውም ለዚህ ነው።

ነገሩን ከሲሚንቶው እንጀምር። አንድ 50 ኪሎ የሚመዝን ከረጢት ሲሚንቶ ጠንክሮ ድንጋይ ለመሆን በኬሚካላዊ ውህደት ከራሱ ጋር የሚያስረው ውሃ ወደ 12 ሊትር ገደማ ነው። ግንበኛው ግን ይህን ብቻ ቢጨምርበት ድብልቁ አይታዘዝለትም፤ ስለዚህ 25 ወይም 30 ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያፈስበታል። ከትርፉ ውሃ ከፊሉ በሲሚንቶው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ሲቀር ሌላው ቀስ በቀስ በላዩ በኩል እየተነነ ይወጣል። ኮንክሪት በ28 ቀን ጥንካሬውን ያገኛል ሲባል ሰምተን በ28 ቀን ይደርቃል ብለን የምናስብ ብዙ ነን። መጠንከርና መድረቅ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ግምት ኮንክሪት በደህና አየር ውስጥ በወር 2 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ይደርቃል የሚል ነው። 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ወለል በዚህ ስሌት አራት ወር ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። ክረምት ከሆነ፣ መስኮቱም ጠባብ ከሆነ፣ ከዚያ በላይ ይቆያል። መታጠቢያ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ ጠባብ መስኮት ያለው ነው።

ይህ ስለ አዲስ ወለል ነው። ወለሉ ያረጀና መሬት ላይ ያረፈ ከሆነ ደግሞ ሌላ የውሃ ምንጭ አለው። በአገራችን የተለመደው የምድር ቤት ወለል ከታች የድንጋይ ንጣፍ፣ ማለትም ሃርድኮር፣ ከላዩ ኮንክሪት፣ ከዚያም ሊሾ ወይም ሴራሚክ የያዘ ነው። በሃርድኮሩና በኮንክሪቱ መካከል ወፍራም የፕላስቲክ ሉህ ካልተዘረጋ የአፈሩ እርጥበት በጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ላይ ይሳባል። በቦሌና በአቃቂ አካባቢ እንዳለው ጥቁር ኮቲቻ ያለ አፈር ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ብዙ ውሃ ይዞም ይቆያል። ወለሉ ባዶ እያለ ይህ ሁሉ እርጥበት ወደ ክፍሉ አየር እየተነነ ስለሚያልቅ ዓይን አያየውም። ቪኒሉ ሲነጠፍ ግን መውጫው ይዘጋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚደጋገም ክርክር አለ። ሊሾው ለአሥር ዓመት ደረቅ ነበር፣ ዛሬ ምን ተገኘበት ይባላል። መልሱ ቀላል ነው። ሊሾው ደረቅ ይመስል የነበረው ይተነፍስ ስለነበረ ነው። ከታች የሚመጣው እርጥበትና በላይ የሚተነው እኩል ስለነበሩ ላዩ ደረቅ ሆኖ ቆየ። ቪኒሉ ሲሸፍነው መግቢያው ሳይዘጋ መውጫው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ እርጥበቱ ከንጣፉ ሥር ይከማቻል። ይህ እርጥበት ከሲሚንቶው ያገኘውን አልካሊ ይዞ የሚመጣ ነው፤ የአዲስ ኮንክሪት የአልካሊነት መጠን ከ12 ፒኤች በላይ ይደርሳል። ብዙዎቹ የንጣፍ ኮላዎች ይህን ያህል አልካሊ አይቋቋሙም፤ ይለሰልሳሉ፣ ይሟሟሉ፣ አንዳንዴም በንጣፉ መጋጠሚያ በኩል እየሾለኩ ይወጣሉ። ንጣፉ ይነፋል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ ከሥሩ ሻጋታ ይይዛል፣ ክፍሉም የማይለቅ ሽታ ይኖረዋል። ባለቤቱ በዚህ ጊዜ የሚወቅሰው ንጣፉን ወይም ኮላውን ነው። ጥፋቱ ግን ኮላው ከመቀባቱ በፊት የነበረ ነው።

ታዲያ ወለሉ እርጥበት እንዳለው በምን ይታወቃል? በጣም ርካሹ ዘዴ ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራው የሚችለው ነው። ጎንና ጎኑ 45 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ ቁረጡ። ወለሉን ጠርጋችሁ ፕላስቲኩን አንጥፉበትና አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ አድርጋችሁ በፕላስተር ለጥፉት። ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆይ፤ ሙሉ ቀንና ሌሊት ቢቆይ ደግሞ ይሻላል። ስታነሱት ከፕላስቲኩ ሥር የውሃ ጠብታ ካያችሁ፣ ወይም ሲሚንቶው ከዙሪያው ይልቅ ጠቁሮ ከታየ፣ ወለሉ ለቪኒል አልደረሰም። በአንድ ቦታ ብቻ አትርኩ፤ በሩ አጠገብ፣ መጸዳጃው አጠገብና ከውጭ ግድግዳ ጥግ ሞክሩት። ከተቻለም ሙከራውን በክረምት አድርጉት፤ በጥርና በየካቲት ደረቅ ሆኖ የተገኘ የምድር ቤት ወለል በነሐሴ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ይህ ዘዴ ግን ወሰን አለው፤ አለመናገር አድማጭን ማሳሳት ነው። ፕላስቲኩ እርጥበት ካሳየ ወለሉ በእርግጥ እርጥብ ነው። ምንም ካላሳየ ግን ደረቅ ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ በተለይ ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ወይም ውሃው በኮንክሪቱ ጥልቀት ውስጥ ካለ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ለትልቅ ሥራ፣ ለምሳሌ ለሆቴል ወይም ለሆስፒታል፣ ባለሙያዎች ኮንክሪቱን ቦርቡረው የእርጥበት መለኪያ ይከቱበታል። ከላይ ብቻ ለሚደርቅ ወለል የጉድጓዱ ጥልቀት ከኮንክሪቱ ውፍረት 40 በመቶ ነው። እንደ ንጣፉና እንደ ኮላው ዓይነት አምራቾች የሚፈቅዱት አንጻራዊ እርጥበት 75፣ 80 ወይም 85 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ በእቃው መመሪያ ላይ ይጻፋል። ለአንድ ቤት መታጠቢያ ግን በሦስት ቦታ የተደረገ የፕላስቲክ ሙከራ ከምንም ግምት ይሻላል።

እርጥበት ከተገኘ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ምንጩን መለየት ነው። የቧንቧ ፍሳሽ ከሆነ ምርመራው ቀላል ነው። ማታ የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ዝጉ፣ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ፣ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ደግማችሁ አንብቡ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ውሃ በሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የወለሉን ውሃ መያዝ ለመፈተን ደግሞ ሲፎኑን ደፍናችሁ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲሜትር ውሃ አቁሙና አንድ ቀን ሙሉ ጠብቁ። በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ከታች ያለውን ጎረቤት አስፈቅዳችሁ ጣሪያውን ተመልከቱ። ከላይ ቤት የሚወርድ ውሃ በጋራ ሕንፃዎች ውስጥ ጎረቤትን ከጎረቤት ከሚያጣሉ ነገሮች አንዱ ነው። ቪኒል ከተነጠፈ በኋላ ደግሞ ፍሳሹ ከእናንተ ዓይን ይሰወርና መጀመሪያ የሚታየው በሰው ጣሪያ ላይ ይሆናል። ከዚህ ውሃ የማቆም ሙከራ በኋላ ወለሉ እንደገና በቂ የመድረቂያ ጊዜ እንደሚፈልግ አትርሱ።

ምንጩ ቧንቧ ሳይሆን መሬቱ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እርጥበት የሚያግድ ባለ ሁለት ድብልቅ ኤፖክሲ መቀባት ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ወለሉም በደንብ ተፍቆና ጸድቶ መዘጋጀት አለበት። ሌላው ሊሾውን አንስቶ፣ ወፍራም የፕላስቲክ ሉህ ዘርግቶ፣ በላዩ አዲስ ሊሾ መጣል ነው፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፣ የወለሉንም ከፍታ ይጨምራል። ሁለቱም ከአቅም በላይ ከሆኑ ቪኒሉን ትቶ ሴራሚክ መምረጥ ይሻላል። በሲሚንቶ የተጣበቀ ሴራሚክ ከታች የሚመጣን እርጥበት ከቪኒል በተሻለ ይታገሣል። ለዚያ ወለል የማይሆነውን ንጣፍ አለመግዛትም ጥሩ ዝግጅት ነው።

አድማጮች፣ እርጥበቱን እዚህ ላይ እናቁምና ወደ ወለሉ ቅርጽ እንለፍ። በኮላ የሚጣበቀው ቪኒል ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ነው። ይህን ያህል ስስ ነገር የሥሩን ቅርጽ መደበቅ አይችልም። አንድ የአሸዋ ቅንጣት፣ የግንበኛ ማንኪያ የተወው ጭረት፣ በሴራሚኮች መካከል ያለው መስመር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በንጣፉ ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ ብርሃን ከጎን ሲመታው ደግሞ ይበልጥ ይታያል። እብጠቱ ባለበት ቦታ ንጣፉ ቶሎ ይበላል፤ ጎድጓዳው ባለበት ደግሞ ከሥሩ ክፍት ስለሚሆን ከባድ ነገር ሲያርፍበት ይቀደዳል። በመቆላለፊያ የሚያያዙት ጠንካራ ሰሌዳዎች ወፍራም ቢሆኑም አያመልጡም። ሥራቸው ባዶ ከሆነ በተረገጡ ቁጥር ይወዛወዛሉ፤ መቆላለፊያውም ይሰበራል።

መለኪያው ግልጽ ነው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ስታጃ ወለሉ ላይ በተለያየ አቅጣጫ አስቀምጡ። በስታጃውና በወለሉ መካከል ከ3 ሚሊሜትር የበለጠ ክፍተት ካለ ቦታውን በእርሳስ አክብቡት። እብጠቱ ይፈቅ፣ ጎድጓዳው ይሞላ። እዚህ ላይ ብዙ ሠራተኛ የሚያምታታውን ነገር እንለይ። ጠፍጣፋ መሆንና በውሃ ልክ መሆን አንድ አይደሉም። መኝታ ቤት ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ሲፎን ያለው መታጠቢያ ቤት ግን ጠፍጣፋ ሆኖም ዘንበል ማለት አለበት፤ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ወደ ሲፎኑ መውረድ ይኖርበታል።

ይህን ካልለየን በጥሩ እቃ መጥፎ ሥራ እንሠራለን። ራሱ እየፈሰሰ የሚስተካከል የወለል ማስተካከያ ሲሚንቶ በገበያ አለ፤ ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ግሩም ነው። በመታጠቢያ ቤት ግን እንዳለ ከፈሰሰ እንደ ውሃ ራሱን አስተካክሎ ተዳፋቱን ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ የፈሰሰ ውሃ ወደ ሲፎኑ መሄዱን ትቶ በየጥጉ ይቆማል፤ የቆመ ውሃ ደግሞ ሳይውል ሳያድር የንጣፉን መጋጠሚያ ያገኛል። ስለዚህ ተዳፋት ባለበት ወለል በማንኪያ የሚቀባ የመሙያ ሲሚንቶ፣ ወይም ዘንበል ተደርጎ የተሠራ አዲስ ሊሾ ነው የሚያስፈልገው። ማስተካከያውን ማፍሰስ የሚቻለው ሲፎን በሌለበት ወይም ውሃ በማይፈስበት የክፍሉ ደረቅ ክፍል ነው።

ቀጥሎ ጥንካሬው ነው። ወለል ደረቅና ጠፍጣፋ ሆኖ ላዩ ደካማ ሊሆን ይችላል። ውሃ የበዛበት ሊሾ ሲደርቅ ላዩ ላይ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ስስ ሽፋን ይተዋል። በሚስማር ጫን ብላችሁ ስትጭሩት የሚቦረቦር ከሆነ፣ በጠረጋችሁት ቁጥር አቧራው የማያልቅ ከሆነ፣ ያ ሽፋን እስኪወገድ መፋቅ አለበት። ኮላ የሚይዘው የነካውን ነገር ነው፤ የነካው አቧራ ከሆነ ንጣፉን ከአቧራ ጋር እንጂ ከወለሉ ጋር አያጣብቀውም። ወለሉን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳችሁ አዳምጡ። ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ሊሾው ከኮንክሪቱ የተላቀቀበት ነው፤ ተነስቶ እንደገና መሠራት አለበት። ተቃራኒው ችግርም አለ። በሰም ሲወለወል የኖረ ወይም በጣም ልስልስ የሆነ ሊሾ ኮላ አይቀበልም። ጥቂት የውሃ ጠብታ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሳይመጠጥ ተንከባሎ ከቆመ፣ ወለሉ መፋቅ ወይም ለማይመጥ ወለል የተሠራ ፕራይመር መቀባት ይኖርበታል።

በምን ይሞላ የሚለው ጥያቄ እዚህ ይነሳል፤ ብዙ ሥራም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጉድጓዱን በጀሶ ወይም ለግድግዳ ቀለም በሚውለው ስቱኮ መድፈን የተለመደ ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ያምራል፣ ርካሽም ነው። ግን ሁለቱም ለእርጥብ ቦታ አልተሠሩም። ጀሶ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሲሆን ደግሞ ከሲሚንቶው ጋር ተዋህዶ የሚያብጥ ማዕድን ይፈጥርና ከወለሉ ይላቀቃል። ሲሚንቶን በውሃ ብቻ በጥብጦ፣ ግንበኞች ቦያካ የሚሉትን፣ በስሱ ማፍሰስም ዘላቂ አይደለም፤ አሸዋ ስለሌለው ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ትክክለኛው ለወለል የተዘጋጀ፣ ከሲሚንቶ የተሠራና ላስቲክነት ያለው ድብልቅ የተጨመረበት መሙያ ነው። ኮላው ራሱ ይሞላዋል የሚሉም አሉ። ኮላ ግን ጥርስ ባለው ማንኪያ በስሱ እንዲቀባ የተሠራ ነው። ጎድጓዳ ላይ ሲከማች ውስጡ ሳይደርቅ ይቀራል፤ የተረገጠው ቦታም እየሰመጠ ይሄዳል።

ስንጥቅ ሲያጋጥማችሁ የሚንቀሳቀስና የቆመ መሆኑን ለዩ። በስንጥቁ ላይ አቋራጭ መስመር በእርሳስ አስምሩ፣ ስፋቱን ለኩና ቀኑን ጻፉ። ክረምትና በጋ ተፈራርቆበት ያልሰፋ ስንጥቅ ተጠርጎ ቢሞላ ይበቃዋል። በየወቅቱ የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ ግን፣ በኮቲቻ ላይ በተሠሩ ቤቶች እንደሚያጋጥመው፣ መሙያው ብቻ አያስቆመውም፤ ቪኒሉም በዚያው መስመር ይሸበሸባል ወይም ይቀደዳል። ይህን ያህል የሚንቀሳቀስ ወለል መሐንዲስ ወይም ልምድ ያለው ግንበኛ ሊያየው ይገባል።

አሮጌ ሴራሚክ ላይ ማንጠፍ ይቻላል ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። ይቻላል፤ ሆኖም በቅድመ ሁኔታ ነው። ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ወይም የሚነቃነቅ ሴራሚክ ይነሳና ቦታው ይሞላ። የሳሙናና የቅባት ቅሪት በደንብ ይታጠብ፤ አንጸባራቂው ላዩ ይፈቅ፣ ፕራይመር ይቀባ። በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መስመር በሙሉ በመሙያ ሲሚንቶ ይስተካከል፤ ካልተስተካከለ በቪኒሉ ላይ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይወጣል። ወለሉ ከፍ ስለሚልም በሩ መከፈቱን፣ ሲፎኑ ከንጣፉ በታች ጠልቆ አለመቅረቱን አስቀድማችሁ መርምሩ።

አንዲት ትንሽ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። ወለሉ ላይ ምልክት ስታደርጉ በእርሳስ ብቻ ይሁን። የማርከርና የእስክሪብቶ ቀለም፣ የቀለም ጠብታ፣ ሬንጅና የአሮጌ ኮላ ቅሪት ቀስ በቀስ በቪኒሉ ውስጥ እየሰረጉ ላዩ ላይ ይታያሉ። እድፉ ከታች የመጣ ስለሆነ በምንም ሳሙና አይለቅም።

ከላይ የሚመጣውን ውሃ በተመለከተ ደካማው ቦታ የንጣፉ መሃል አይደለም፤ ጠርዙ ነው። ግድግዳው ሥር፣ መጸዳጃው ዙሪያ፣ በሩ አፍና ሲፎኑ አፍ። ለዚህ ነው በመታጠቢያ ቤት ከሰሌዳ ይልቅ መጋጠሚያ የሌለው ጥቅል ንጣፍ የሚመረጠው። በግድግዳው ላይም 10 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ላይ ቢታጠፍ ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል። መጸዳጃውን ሳያነሱ ዙሪያውን እየቆረጡ ማንጠፍ ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ውሃ በብዛት በሚያገኘው ቦታ ረጅም ክፍት ጠርዝ ትቶ ይሄዳል። መጸዳጃውን አንስቶ፣ ከሥሩ ድረስ አንጥፎ፣ መልሶ መግጠም ነው ትክክሉ። ሲገጠምም ከፍሳሽ ቧንቧው ጋር የሚያያይዘው ማሸጊያ በአዲስ መተካት አለበት። ሻወሩ መጋረጃም መስታወትም ሳይኖረው በቀጥታ ወለሉ ላይ የሚፈስ ከሆነ ደግሞ የሻወሩን ቦታ በሴራሚክ ትታችሁ ቪኒሉን በደረቁ በኩል ብቻ መጠቀም የተሻለ ነው።

በሰሜን አሜሪካ የምትኖሩ አድማጮች፣ የእናንተ ቤት ወለል ብዙ ጊዜ ሲሚንቶ ሳይሆን እንጨት ነው፤ በአግዳሚዎች ላይ የተቸነከረ ኮምፔንሳቶ። ሕጉ ግን አይለወጥም። ዋናው የጥርጣሬ ቦታ መጸዳጃው ሥር ነው። ካነሳችሁት በኋላ ዙሪያውን በካቻቢቴ ጫን ጫን አድርጉት፤ ከሰመጠ እንጨቱ በስብሷል። የበሰበሰው እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ተቆርጦ ይውጣ፣ ጠርዞቹ የሚያርፉበት እንጨት ይጨመር፣ በአዲስ ይተካ። የሚነቃነቀው ሁሉ በብሎን ይጥበቅ። ከዚያ በላዩ ለወለል የተፈቀደ ባለ 6 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ይነጠፍ፤ መጋጠሚያዎቹ ከሥሩ ካሉት መጋጠሚያዎች ጋር አይገጣጠሙ። ቺፑድ ውሃ ሲነካው አብጦ ወደ ቀድሞው ስለማይመለስ አይሆንም። ከሁሉ በላይ፣ ቤቱ ከ1980ዎቹ በፊት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለታችን ነው፣ የተሠራ ከሆነ አሮጌው ንጣፍ ወይም ጥቁሩ ኮላ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በተለይ 23 ሴንቲሜትር በ23 ሴንቲሜትር የሆኑ ትንንሽ ሰሌዳዎች ካያችሁ በላቦራቶሪ ሳታስመረምሩ አትፋቁ፣ አትሰባብሩ። አቧራው ሳንባን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ፤ ወደ ወጪው። ወለል ማዘጋጀቱ ከንጣፉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፣ ታዲያ በርካሽ አንጥፎ ሲበላሽ መቀየር አይሻልም ወይ ይባላል። ስሌቱ ትክክል የሚሆነው የሚቀየረው ንጣፉ ብቻ ቢሆን ነበር። ነገር ግን የተበላሸ ቪኒል ሲነሳ ኮላው ወለሉ ላይ ይቀራል፤ ያን መፋቅ ከመጀመሪያው ዝግጅት የከበደ ሥራ ነው። መጸዳጃው እንደገና ይነሳል፣ የሠራተኛ ዋጋ እንደገና ይከፈላል፣ እርጥበቱ ደግሞ እዚያው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ለሌላ ሰው ወለል ይህን ሁሉ ላውጣ ወይ ቢል ግን ጥያቄው ተገቢ ነው። እርሱ ምንም ኮላ የማይፈልግ፣ ተጠቅልሎ የሚነሳና በየጊዜው ሥሩ የሚደርቅ ቁራጭ ቢያነጥፍ ይበቃዋል። የተጣበቀ ንጣፍ ለሚቆይ ሰው ነው፤ ለሚቆይ ሰው ደግሞ ዝግጅቱ ትርፍ ወጪ አይደለም።

ጊዜ የለኝም የሚለውም እንዲሁ ነው። ከተዘረዘሩት ሥራዎች አብዛኞቹ ጉልበት ሳይሆን መጠበቅ የሚጠይቁ ናቸው። ፕላስቲክ ለጥፎ ማደር፣ ቆጣሪ አንብቦ መተኛት፣ ሊሾ እስኪደርቅ መታገሥ ገንዘብ አያስወጡም። ንጣፉም ከመነጠፉ በፊት በዚያው ክፍል አንድ ወይም ሁለት ቀን ተዘርግቶ ቢቆይ የክፍሉን ሙቀት ይለምዳል፤ በኋላም አይሸበሸብም።

እንግዲህ አድማጮች፣ ቅደም ተከተሉን ይዘን እንለያይ። መጀመሪያ ፍሳሽ ይፈለግ፣ ቀጥሎ እርጥበት ይመርመር፣ ከዚያ የላላው ይነሳ፣ የተቦረቦረው ይሞላ፣ ተዳፋቱ ይጠበቅ፣ በመጨረሻ አቧራው ይጠረግ። ቪኒል የሚገዛው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሠራተኛ ስትቀጥሩም ስለ ዋጋው ከመከራከራችሁ በፊት የወለሉን እርጥበት በምን እንደሚመረምር ጠይቁት። መመርመር አያስፈልግም ካላችሁ ሌላ ሠራተኛ ፈልጉ።